ለእንግዳ ስለሚጠበቀው መጸዳጃ ቤት እና ስለ እኛ ቤት ቡፌ

ለክቡር ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እህቴ ከትምህርት ቤት የቀረችበትን ምክንያት ስለማስረዳት፣ እንዲሁም ስለ ቁልፍ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ ያለኝን ጥልቅ አሳቢነት እየገለጽኩ፣ በተለይም ኩላሊትዎ፣ ሆድዎና ወገብዎ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከቢሮዎ ጀርባ የራስዎ መጸዳጃ ቤት፣ ለዚያውም ከውስጥ የሚቀረቀር፣ እንዳለዎት ስለማውቅ ተስፋዬ መሠረት የሌለው አይደለም። ቤተሰብዎም ደህና ይሁኑልን፤ ሴት ልጅ ካለችዎ ደግሞ ምኞቴ እጥፍ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ ባለፈው ዓመት በማኔጅመንት በማዕረግ የተመረቅኩ፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ የአባቴን የቧንቧ ዕቃ ሣጥን የምሸከም፣ ሲቪዬን በየወሩ የማድስ (በየወሩ የሚታደስ ነገር ባይኖረውም) ወጣት ነኝ። አባቴ በግቢዎ ውስጥ ያለውን የአዲሱን የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ቧንቧ የዘረጋው ሰው ነው። እህቴ ሰባተኛ ክፍል ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ቤት ውስጥ «ድምቡሼ» የምንላት፣ ዛሬ ሸንበቆ አክላም ስሙ ያልለቀቃት ልጅ ናት። እናታችን ድምቡሼ ገና ስትድህ ስላረፈች ቤታችን የሁለት ወንዶችና የአንዲት ልጅ ቤት ነው፤ ከሦስታችን ብልሁ ማን እንደሆነ ከዚህ ደብዳቤ ለመረዳት እንደማይቸገሩ እምነቴ ነው።

«ተማሪዋ ያለ ፈቃድ በመቅረቷ ወላጅ ይዛ ትምጣ» የሚለው ወረቀትዎ ደርሶናል። ልጅቷ ግን ወላጅ ይዛ መምጣት ቀርቶ ራሷን ይዛ መምጣትም እምቢ ብላለች። «ከእንግዲህ በወር አበባዬ ጊዜ ትምህርት ቤት አልሄድም፤ ቁርጥ ነው» ያለችው ከሳምንት በፊት ሲሆን፣ እስካሁን ከቃሏ ንቅንቅ አላለችም። የነገሩ ክብደት እንዲታይዎ፣ ይህች ልጅ አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዟት አባታችን «ዛሬ ተኝተሽ ትውያለሽ» ቢላት የሒሳብ ፈተና እንዳያመልጣት በመስኮት ልትወጣ ስትል የተያዘች ናት። በየወሩ እየቀረች የምትማር ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ምን እንደሚቀራት ማስላት የሒሳብ መምህሯ ሥራ ስለሆነ ለእርሳቸው እተወዋለሁ። የእኔ ፍላጎት አንድ ነው፤ ወደ ፊት ወንበሯ እንድትመለስ።

ደብዳቤውን በአደባባይ ለማውጣት ፈቃዷን ጠይቄ፣ «ስሜን ካልጠራህ፣ ያንተንም ጅልነት ካልደበቅክ ጻፍ» ስላለችኝ፣ ሁለቱንም ግዴታ እየተወጣሁ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መጸዳጃ ቤቱን ስላሠሩልን አመሰግናለሁ። ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ፣ መስታወቱ ሙሉ፣ የእጅ መታጠቢያው ለልጆች ቁመት ዝቅ ተደርጎ የተገጠመ፣ በየክፍሉም ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያ የተቀመጠበት መሆኑን ከማንም በላይ እናውቃለን፤ አባቴ ቧንቧውን ሲዘረጋ ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። በምረቃው ዕለት አባቴ የሠርጉን ኮት ለብሶ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሳ፤ ሪባኑን የቆረጡት እንግዶች መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሳይጨርሱም በሩ ተቆለፈ። ምክንያቱ፣ እርስዎ ራስዎ ለወላጆች እንዳስረዱት፣ «ልጆቹ ያበላሹታል» የሚል ነበር። ክቡር ሆይ፣ ጥንቃቄዎ ፍሬ አፍርቷል፤ እስከ ዛሬ አንድም ልጅ አላበላሸውም። አባቴ በአጥርዎ በኩል ባለፈ ቁጥር ዝግ ብሎ «ይሄ የኔ ሥራ ነው፤ አንዲት ጠብታ አያፈስም» ይለኛል፤ እውነቱን ነው፣ ውሃ ያልሄደበት ቧንቧ አፍስሶ አያውቅም።

ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዳ ሲመጣ በሩ እንደሚከፈት፣ ሳሙናና ፎጣ እንደሚወጣ፣ አንዴም የአበባ ማስቀመጫ እንደታየ ድምቡሼ ነግራናለች። እንግዳው ሲሄድ አበባውም ይሄዳል። ተማሪዎቹ ከሜዳው ጀርባ ያለውን አሮጌውን ይጠቀማሉ፤ እሱም ቢሆን ጥቅም አለው። መቀርቀሪያ ስለሌለው አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን በእግሯ ደግፋ ትቆማለች፤ ይህ በልጆች መካከል መተማመንን ያዳብራል። ውሃ ስለሌለው ደግሞ ቁጠባን ያስተምራል። ለዚህም ለብቻው አመሰግናለሁ።

፪. ትምህርቱን ለቤታችን ስለተዉልን አመሰግናለሁ። ስለ ሰውነት ዕድገት የሚያወራው ምዕራፍ ሲደርስ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብለው ወደ ዕፅዋት ምዕራፍ እንደተሻገሩ ሰምተናል። ቤታችሁ የተባለው እንግዲህ የእኛ ቤት ነው፤ በዚያ ቤት የሚያስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ። እኔም በጊዜዬ የተማርኩት በዚያው ዘዴ ስለነበር ስለ ባቄላ አበቃቀል ያለኝ ዕውቀት በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

የመጀመሪያው የወር አበባ የመጣው ትምህርት በሌለበት ቀን ነበር። ድምቡሼ ከመኝታ ክፍሏ በር ጀርባ ሆና «አንተ ዲግሪው፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ ወር አበባ አስተምረዋችኋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «በሚገባ» አልኳት። ከዚያም ማኔጅመንት የተማረ ሰው ችግር ሲገጥመው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ስብሰባ ጠራሁ። ተሰብሳቢዎቹ እኔና አባቴ ነበርን። ባለጉዳይዋ በሯን ዘግታ ስለነበር አልተጋበዘችም።

አባቴ ሰው ቤት ጎርፍ ሲገባ እንኳ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን በእጁ የነበረውን ካቻቪቴ ስኳር ዕቃው ውስጥ ሰክቶ ማንኪያውን ኪሱ ከተተ። «እናቷ ብትኖር» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። «በል ሂድና ግዛ» አለኝ፤ ምን ዓይነት እንደምገዛ ብጠይቀው ደግሞ «እኔን ትጠይቀኛለህ? ምሩቁ አንተ» አለኝ።

ሱቅ ውስጥ የሆነውን አልደብቅም። ሦስት ጎረምሶች ባንኮኒውን ተደግፈው ለስላሳ ይጠጣሉ። መጀመሪያ ሻማ ገዛሁ፣ ቀጥሎ ክብሪት ገዛሁ፣ ቀጥሎ ቡናማ ጫማ የሌለው ሰው ሆኜ ሳለ ቡናማ የጫማ ቀለም ገዛሁ፤ ጎረምሶቹ አልሄድ ሲሉኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሞዴስ» አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝም «ለእህቴ ነው» ብዬ ጨመርኩ፤ ለራሴ ነው ብሎ የሚጠረጥር ያለ ይመስል። ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቀለለው፣ የተጠቀለለውን ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተተው፣ ጥቁሩን ፌስታል በሌላ ጥቁር ፌስታል ደረበው። በሰፈራችን ዳቦ በእጅ፣ ሥጋ በስስ ላስቲክ ተይዞ ነው የሚኬደው፤ እንዲህ ታሽጎ የሚሸጥ ሌላ ዕቃ ስለሌለ፣ ምን እንደገዛሁ ሳይሰማ የቀረ ቢኖር ከጥቅሉ ተረዳ።

ቤት ስደርስ አባቴም በሌላ በኩል ወጥቶ የራሱን ጥቁር ፌስታል ይዞ ገብቷል። እኔ ካመጣኋቸው ሦስት ዓይነቶች አንደኛው፣ በኋላ ከጀርባው እንዳነበብነው፣ ሽንት መቋጠር ለቸገራቸው አረጋውያን የተሠራ ነበር። አባቴ ደግሞ ከመደብሩ ሁሉ ወፍራሙን መርጦ ለወለዱ እናቶች የሚሆነውን አምጥቷል፤ የእሱ መለኪያ የሙያ መለኪያ ነበርና «ዋናው አለማፍሰሱ ነው» አለ። ድምቡሼ እሱን አድርጋ ስትወጣ ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነበር የምትራመደው። እንዴት ነው ብንላት «ትራስ ነው» ብላን ተመልሳ ገባች።

በዚህ ጊዜ ወደ ጥናት ገባን። አባቴ ሞዴሶቹን የምግብ ጠረጴዛው ላይ በተርታ ዘርግቶ በመለኪያ ጆግ ውሃ እያፈሰሰ፣ እየገለበጠ፣ በአውራ ጣቱ እየተጫነ «ይሄኛው ጠርዙ ላይ ድክመት አለበት» እያለ ሲመረምር፣ እኔ ማቀዝቀዣው በር ላይ የማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ለጠፍኩ፤ የመምጠጥ አቅም፣ ውፍረት፣ ክንፍ መኖር አለመኖሩ፣ ዋጋ፣ እና ለምን እንዳስገባሁት ዛሬም የማላውቀው «የአቅራቢው አስተማማኝነት»። ከፍተኛውን ነጥብ የሰጠሁት ለመጨረሻው ነበር። ድምቡሼ በሩ ላይ ቆማ ብዙ ስታየን ቆየችና «አባዬ፣ እኔ እኮ ቧንቧ አይደለሁም» አለችው። ወደ እኔ ዞራም «አንተ ዲግሪው፣ እዚህ ሠንጠረዥ ላይ የምታደርገዋ ልጅ የት አለች?» አለችኝ። ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አየሁት። አልነበረችም።

በመጨረሻ ያደረግነው መጀመሪያ ልናደርገው የሚገባንን ነው፤ ገንዘቡን ሰጥተን መድኃኒት ቤት ላክናትና እኛ ውጭ ቆመን ጠበቅን። በመስታወቱ በኩል ባለመድኃኒቷና እሷ ሲሳሳቁ አየን። አባቴ «በእኛ ነው እንዴ የሚስቁት?» አለኝ፤ በእኛ ነበር። ስትወጣ ለቀን ቀጭኑን ባለ ክንፍ፣ ለሌሊት ረዘም ያለውን መርጣለች። ሽቶ ያለበትን ለሰውነትሽ አይስማማም ተብላ ትታዋለች፤ ታጥቦ የሚደገመውን የጨርቁንም አይታው «ጥሩ ነው፣ ግን የት ላስጣው? እናንተ ፊት?» ብላ ለጊዜው አልፋዋለች። በየአራት ሰዓቱ ገደማ መቀየር እንዳለባት፣ ስትቀይር እጇን መታጠብ እንዳለባት፣ ያገለገለውንም በወረቀት ጠቅልላ መጣያ ውስጥ እንጂ መጸዳጃው ውስጥ እንዳትጥል ተነግሯታል። አባቴ ይህን የመጨረሻውን ሲሰማ ወደ መድኃኒት ቤቱ ዞሮ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ዕድሜ ልኩን ከሰው ቤት የተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ሲያወጣ የኖረው ምን እንደሆነ የነገረን ያን ቀን ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት «በየአራት ሰዓቱ» የምትለዋ ቃል ከዓይንዎ እንዳታመልጥ ነው። የትምህርት ቀን ከዚያ ይረዝማል። እንግዲህ አንዲት ልጅ ትምህርት ቤት ሳለች ቢያንስ አንድ ጊዜ በር ያለው፣ ውሃ ያለው፣ መጣያ ያለው ክፍል ትሻለች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ደግሞ አባቴ ሠርቶልዎታል።

፫. አሁን ወደ ዋናው ምስጋና ልምጣ፤ ብቻችንን እንዳልሆንን ስላሳዩን አመሰግናለሁ። ብዕሬን ሳነሳ ሐሳቤ ልክ ልክዎን መንገር ነበር፤ ነገር ግን የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብኝ ከእኛው ድስት ልጀምር።

ሳሎናችን ውስጥ የመስታወት በር ያለው ቡፌ አለ። በውስጡ እናታችን የገዛቻቸው ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ለእንግዳ ናቸው። እኛ የምንጠጣው ጆሮው በረገፈ ኩባያ ነው። ብርጭቆ የሚገባው እንግዳ ከመጣ ዘመን አልፏል፤ ቡፌው ግን ሁልጊዜ ይቆለፋል፣ ቁልፉም ከሌሎች ቁልፎች ጋር አባቴ ወገብ ላይ ይንጠለጠላል። ድምቡሼ የሚስማማትን ዓይነት ማግኘቷ አባቴን ደስ ስላሰኘው አንድ ካርቶን ሙሉ ተሸክሞ መጣ። ውድ ነገር በእኛ ቤት የት እንደሚቀመጥ አሁን ያውቃሉ። «እርጥበት እንዳይነካው፣ አቧራም እንዳይገባበት» ብሎ ከብርጭቆዎቹ ጎን ደረደረው፣ ከዚያም ቆለፈው።

ምሩቁ ልጁ የተቃወመ ይመስልዎት ይሆናል። እኔማ ሥርዓት አበጀሁለት። «ቁጥጥር የሌለው ንብረት ይባክናል» ብዬ፣ ድምቡሼ ስትፈልግ አባታችንን እንድትጠይቅ፣ አባታችን ከፍቶ እንዲሰጣት፣ እኔ ደግሞ የቀረውን እንድቆጥር አስወሰንኩ። እሷ ዓይኗን አፍጥጣ «እየለመንኩ?» አለች፤ እኔ «በሥርዓት» አልኳት። አንዲት ልጅ አባቷን በየአራት ሰዓቱ ቁልፍ እየጠየቀች ትኖራለች ብሎ ያቀደ ሰው ዲግሪ ተሰጥቶታል። ዲግሪው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱም በመስታወት ውስጥ ነው።

በተከታዩ ወር፣ የዛሬ ሳምንት፣ አባቴ ቧንቧ የፈነዳበት ደንበኛ ጠርቶት ገና በጠዋቱ ወጣ፤ ቁልፉም ወገቡ ላይ እንዳለ አብሮት ወጣ። እኔም ሲቪ ላስገባ ከረባቴን አስሬ ቀድሜ ሄጄ ነበር። ድምቡሼ ቡፌውን ብትስበው ተቆልፏል፤ መሳቢያዋ ውስጥ የቀረችውን አንዲቷን አድርጋ፣ ለቅያሪ ምንም ሳትይዝ፣ ትምህርት ቤት መጣች። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ከዚህ በኋላ እርስዎ ተረከቡን።

ከቀትር በፊት መቀየር ሲያስፈልጋት ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ ከቦርሳዋ አንድ አውጥታ ከጠረጴዛ ሥር አቀበለቻት፤ እግዜር ይስጣት። የጎደለው በር ብቻ ነበር። የአሮጌው መጸዳጃ በር በዚያው ሳምንት ከነጉበኑ ወድቆ ስለነበር ወደ አዲሱ ሄደች። ጥበቃው «ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው ልጄ» አሏት። ንብረት ክፍል፣ ሁለት መምህራን ቆመው በሚሰሙበት፣ «ለምን ፈለግሽው?» ብሎ ጠይቋት፣ ሲያበቃ «ቁልፉ የርዕሰ መምህሩ ጸሐፊ ጋ ነው» አላት። ጸሐፊዎ «ያለ እርሳቸው ፈቃድ ለተማሪ አልሰጥም፤ እርሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው» አለቻት። የስብሰባው አጀንዳ በሩ ላይ ተለጥፎ ስለነበር ድምቡሼ ቆማ አንብባዋለች፤ «የሴት ተማሪዎችን መቅረት ስለመቀነስ» ይላል። ውይይቱ ፍሬያማ እንደነበረ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ፣ ያልተጠቀመችባትን ሞዴስ ለጓደኛዋ መልሳ ተቀመጠች። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሁሉ እስኪወጡ ከወንበሯ አልተነሳችም። ከዚያ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሰው የሚበዛበትን መንገድ ትታ በጓሮ በጓሮ ቤት ገባች። ቤት ስትደርስ ደግሞ ቡፌው አለ።

እኔ ስመለስ ከቡፌው ፊት ወለሉ ላይ ሹራቧን እንዳሰረች ተቀምጣ አገኘኋት። በመስታወቱ ውስጥ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ብርጭቆዎቹ በተርታ፣ ሞዴሶቹ በተርታ። መስታወቱን መስበር ትችል ነበር፤ ከእኛ የተሻለ አስተዳደግ ስላላት አልሰበረችውም። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ቀና ብላ አይታኝ «እንግዳ ነው እንዴ የምትጠብቁት?» ብቻ አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በማዕረግ የተመረቀው ወንድሟ ከረባቱን ፈታ።

አባቴ ሲገባ እሷ ክፍሏን ዘግታ ነበር። የሆነውን ነገርኩት። ካቻቪቴውን አውጥቶ የቡፌውን በር ከነማጠፊያው ፈታና ጓሮ ወስዶ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ተመልሶ ከእናታችን ብርጭቆዎች አንዱን አንስቶ አጠበው፣ ውሃ ሞላበት፣ የድምቡሼን በር አንኳኩቶ ደፉ ላይ አኖረላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ውሃ የምንጠጣው በወርቃማው ነው። እስካሁን ሁለቱን ሰብሬያለሁ፤ እንደፈራነው ሰማይ አልተናደም። ሞዴሶቹም በር በሌለው ቡፌ ውስጥ ናቸው፤ ያሻት ጊዜ ታነሳለች፣ የሚቆጥር የለም።

፬. ይህ ነጥብ በእህቴ ትእዛዝ ተሰርዟል። ስለ ጥበቃው የጻፍኩት ነበር፤ «እሳቸው ምን ያድርጉ፣ ቁልፉ እሳቸው ጋ የለ» ብላ በእርሳስ ሰረዘችብኝ።

፭. ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ያ በር ከውጭ የሚቆለፍበት ነገር ይነሳና ከውስጥ የሚቀረቀርበት ይደረግ። ቁልፉ ወደ ሌላ ሰው እንዲዛወር፣ ኮሚቴ እንዲቋቋምለት፣ ተራ እንዲወጣለት አልጠይቅም፤ ይህን ዓይነት ሥርዓት ማበጀት ለእኔም አያቅተኝም፣ ውጤቱንም አይቼዋለሁ። ወላጅ ይዛ ትምጣ ስላላችሁ ሰኞ ጠዋት ወላጅ ይመጣል፤ ወላጁ የዕቃ ሣጥኑን ይዞ ይመጣል፤ ሣጥኑን የምሸከመው እኔ ነኝ። ይህ ማስፈራሪያ ተደርጎ እንዳይወሰድ፤ አባቴ ለሠራው ሥራ ዋስትና ስለሰጠ ለአገልግሎት ብቅ ማለቱ ነው። «ልጆቹ ያበላሹታል» የሚለውን ሥጋትዎን ነግሬው «ከተበላሸ እጠግነዋለሁ፤ ሥራዬ ምን ሆነና» ብሏል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ቧንቧ ይልቁንም ይዝጋል ብሎኛል፤ ይህን እንኳ ለሙያው ሲል ነው የተናገረው፣ እርስዎን አስቦ አይደለም።

ከካርቶናችን ግማሹን እናመጣለን። መስታወቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ሳይቆለፍ፣ ሳይጠቀለል፣ በጥቁር ፌስታል ሳይታጀብ ይቀመጣል። ቶሎ ያልቃል የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ባለፈው ወር ቢሆን እኔ ነበርኩ የምለው። ያልቃል። የተሠራው እንዲያልቅ ነው።

ድምቡሼን ዛሬ ጠዋት ትመለሺ እንደሆነ ጠይቄያት «በሩ ከተከፈተ ማንም ሳይለምነኝ እሄዳለሁ፤ ካልተከፈተ ደብዳቤህን አንተው ተማርበት» ብላኛለች። ይህንን ስትል ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። እርሳሷንም ቀርጻለች። እኔ ተስፋ ለማድረግ ብዙ የማያስፈልገኝ ሰው ስለሆንኩ፣ ይኸው ተስፋ አድርጌያለሁ።

ቸርነትዎ የተዘጋውን ሁሉ እንደሚከፍት፣ ቢዘገይም አባቴ እንደሚያግዘው በመተማመን፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለእርስዎም፣ ቁልፉ ለተቀመጠበት የጸሐፊዎ መሳቢያም ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣

የሙያ አጋርዎ፣
የቀድሞ የቡፌ ቁጥጥር ኃላፊ፣
የቧንቧ ሠራተኛው ልጅ፣ የድምቡሼ ወንድም

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ
ለንብረት ክፍል (ቁልፉ የት እንዳለ እንዲያውቁት)
ለአባቴ («የማንኪያዋን ነገር ለምን ጻፍካት» ብሏል)
ለእህቴ (አርማ መልሳለች)

ማስታወሻ፦ ድምቡሼ ይህ ካልገባ ፈቃዴን አነሳለሁ ስላለች እጨምራለሁ። ያን ቀን ጠዋት ሲቪዬን ያስገባሁት በእርስዎው ትምህርት ቤት ለንብረት ክፍል በወጣው ክፍት የሥራ ቦታ ላይ ነበር። ተራዬን ስጠብቅ ከረባቴ ተጣሞብኝ መስታወት ያለበት ቦታ ጸሐፊዎን ብጠይቃት፣ እርስዎ በዚያው ሲያልፉ ሰምተው «እንግዳ አይደሉ እንዴ፣ ስጫቸው እንጂ» ብለው ከመሳቢያው ቁልፉን አሰጡኝ። የሴት ተማሪዎቹን መጸዳጃ ቤት ከፍቼ ገባሁ፣ ከረባቴን አስተካከልኩ፣ እጄን በሙቅ ውሃ ታጠብኩ፣ ቆልፌ ቁልፉን መለስኩ፤ እህቴ ያንኑ ቁልፍ ፍለጋ እዚያው ጠረጴዛ ፊት የቆመችው ከእኔ በኋላ ነው። አባቴ እውነቱን ነው፣ አንዲት ጠብታ አያፈስም። ማመልከቻዬን እንዲመልሱልኝ እየጠየቅኩ፣ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ያንን በር የምታንኳኳዋ ልጅ የደንብ ልብስ ለብሳ፣ ቦርሳ አንግታ ብትታይዎ ተማሪ ናት ብለው እንዳይሳሳቱ። እንግዳ ናት።